ጎጆ ውስጥ ያሉ የፊንች ጫጩቶችን ስለማሳደግ፦ በሦስት ዙር ያየሁት

ዜብራ ፊንች የሚባሉትን ሁለቱን ትንንሽ ወፎች ወደ ቤታችን ያመጣናቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ ነበር። የምንኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ውሻና ድመት በማይፈቀድበት አፓርታማ ስለሆነ፣ ልጃችን ደጋግማ ስትጠይቀን ድምፃቸው ጎረቤት የማይረብሽ ጥንድ ወፎች መረጥን። በሚቀጥለው ሚያዝያ አምስት ጫጩቶች ተፈለፈሉ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ያኔ ዕድላቸው ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬ ግን ሦስቱም መሞት እንዳልነበረባቸው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ በሁለት ዙር ከተፈለፈሉት ዘጠኝ ጫጩቶች ስምንቱ በደህና አድገዋል። ጫጩት ከእንቁላል ወጥቶ ጎጆውን እስኪለቅ ያለውን የሦስት ሳምንት ጊዜ በዝርዝር የምጽፈው፣ እንደ እኔ ሳያስቡት ጫጩት የተፈለፈለባቸው ሰዎች የእኔን ስህተት እንዳይደግሙት ነው።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ እናቴ ዶሮ ስታሳቅፍና ጫጩት ስታወጣ እያየሁ ስለነበር፣ ስለ ጫጩት የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የዶሮ ጫጩት ግን ከእንቁላሉ ወጥቶ እንደ ደረቀ ቆሞ ይሄዳል፣ ዓይኑ ያያል፣ እናቱን ተከትሎ በራሱ ይለቅማል። የፊንች ጫጩት ራቁቱን፣ ዓይኑ እንደ ተጨፈነ ይወጣል፤ ክብደቱ ከአንድ ግራም በታች፣ መጠኑም ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ነው። የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ ከወላጆቹ አፍ ካልተቀበለም አይበላም። እናቴ በስልክ ሁኔታውን ስነግራት፣ “ልጄ፣ ይህስ እንደ እርግብ ጫጩት ነው፤ አትነካኪው፣ እናትየዋን አብያት” አለችኝ። ምክሯ ትክክል ነበር፤ እኔ ግን የሰማኋት ሦስቱ ከሞቱ በኋላ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ጫጩቶቹ እንደ ተፈለፈሉ ደስታውን መቆጣጠር አቅቶን በቀን አሥር ጊዜ ያህል ጎጆውን በባትሪ እያበራን እናይ ነበር። ወላጆቹ በተደናገጡ ቁጥር ከጎጆው እየወጡ፣ ጫጩቶቹ ይቀዘቅዙ ነበር። የምንሰጣቸውም ለሁለት ወፍ የሚበቃ ደረቅ ጥሬ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ጫጩቶች ከሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው፣ ቀዝቅዘውና ደርቀው አገኘኋቸው፤ ሞተዋል ብዬም በወረቀት ጠቅልዬ ጣልኋቸው። በስድስተኛው ቀን ሌላው ተጥሎ ሳገኘው ገና ይንቀሳቀስ ስለነበር፣ ርቦታል በሚል በጠብታ መስጫ ውሃ በስኳር አጠጣሁት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ገብቶ ከደቂቃዎች በኋላ እጄ ላይ ሞተ። በኋላ የወፍ ሐኪም ስትገልጽልኝ፣ የቀዘቀዘ ጫጩት የዋጠውን መፍጨት ስለማይችል ሳይሞቅ አፉ ውስጥ ምንም ነገር መግባት እንደሌለበት ነገረችኝ። ቀደም ብለው የጣልኋቸው ሁለቱም በእጅ ቢሞቁ ኖሮ ምናልባት ይነሡ ነበር፤ የደረቀ የሚመስል ጫጩት ሲሞቅ መተንፈስ እንደሚጀምር በሚቀጥለው ዙር በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት የእኛ ሥራ ጫጩቶቹን መመገብ ሳይሆን ወላጆቹን መመገብና ጎጆውን ከሚረብሽ ነገር ሁሉ መጠበቅ ነው። እጃችንን የምናስገባው ጫጩቱ አለመብላቱን በዓይናችን ስናረጋግጥ ብቻ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከእንቁላሉ በፊት ነው። ዜብራ ፊንች ገና በሦስት ወር ዕድሜው እንቁላል ሊጥል ይችላል፤ ነገር ግን ሴቷ ዘጠኝ ወር ሳይሞላት ጎጆ ባይሰጣት ይመረጣል፤ ልጅ ሳለች የምትጥለው እንቁላል መውጫው ላይ ተይዞ ሊገድላት ይችላል። ላባዋን ነፍታ ወለል ላይ የተቀመጠችና የምታምጥ ሴት ወፍ ካያችሁ፣ ወዲያውኑ ሞቅ ባለ ቦታ አድርጋችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ጎጆው ባለ 12 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ሳጥን ወይም ከሰበዝ የተሠራ ቅርጫት ቢሆን ይበቃል። ውስጡ ደረቅ ሣርና የኮኮናት ጭረት ይሁን። ጥጥ፣ የልብስ ክርና ረጅም ፀጉር አይግባ። እኔ ከአንድ ሱቅ “የጎጆ መሥሪያ” ተብሎ የተሸጠልኝን የጥጥ ክር ሰጥቻቸው፣ በሁለተኛው ዙር የአንዱ ጫጩት እግር ክሩ ተጠምጥሞበት ከቁርጭምጭሚቱ በታች አብጦና ወይን ጠጅ መስሎ አገኘሁት። ባለቤቴ ጫጩቱን በመሐረብ ይዞልኝ፣ ክሩን በጥፍር መቀስ ጫፍ አንድ በአንድ ቆረጥሁት፤ እግሩ በሁለት ቀን ተመለሰ፤ አንዲት ጣቱ ግን ደርቃ ወደቀች። የመጀመሪያው እንቁላል ከተጣለ በኋላም ተጨማሪ የጎጆ ዕቃ አትስጧቸው፤ መሥራት ስለሚወዱ በእንቁላሎቹ ላይ ሌላ ጎጆ ይደርቡና የታቀፉትን ቀብረው አዲስ ይጥላሉ።

እንቁላሎቹ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ናቸው፤ በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት ይጣላሉ። በትክክል መታቀፍ የሚጀምሩት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሲጣል ነው፤ ቀን ቀን ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ፤ ሌሊት ሁለቱም ጎጆ ውስጥ ያድራሉ። ከ12 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። በዚህ ወቅት ሰፋ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው የመታጠቢያ ውሃ በየቀኑ ብታኖሩላቸው ጥሩ ነው፤ በርጥብ ላባ ተመልሰው ሲታቀፉ፣ በክረምት ማሞቂያ ምክንያት አየሩ በሚደርቅበት ቤት ውስጥ እንቁላሉ የሚፈልገውን እርጥበት ያገኛል። ሳይፈለፈል የቀረ እንቁላል ካለ ቸኩላችሁ አታውጡት፤ ጫጩቶቹ ትንንሽ ሳሉ የሚደገፉት ነገር ይሆንላቸዋል።

አሁን ስለ ምግቡ፤ በእኔ ግምት የሁለተኛውና የሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው የተለየው በዚህ ነው። ጫጩቱ ከአንድ ግራም በታች ሆኖ ተወልዶ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥር ግራም ያልፋል፤ ይህ ሁሉ ሥጋ፣ አጥንትና ላባ የሚሠራው ወላጆቹ ከሚያጎርሱት ነው። ደረቅ ጥሬ ብቻውን አይበቃውም። አንድ እንቁላል ለ10 ደቂቃ ያህል ቀቅዬ፣ ከነቅርፊቱ በሹካ እስኪደቅቅ እፈጨዋለሁ፤ ቅርፊቱ ለአጥንትና ለእናትየዋ ካልሲየም ነው። በሻይ ማንኪያ ለክቼ፣ ጎህ ሲቀድ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ እሰጣለሁ፤ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በላይ ግን አላቆየውም፤ እንቁላል ቶሎ ይበላሻል፤ የተበላሸውም ጎጆውን በሙሉ ይገድላል። ይህን ምግብ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ መጀመር ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ወፎች አዲስ ምግብ ቶሎ ስለማይቀምሱ፣ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይልመዱት።

ሁለተኛው ጉንቁል ነው። ዜብራ ፊንች የትውልድ አገሩ ደረቁ የአውስትራሊያ ምድር ሲሆን፣ የሚራባውም ዝናብ ጥሎ ሣሩ ለጋ ፍሬ ሲይዝ ነው፤ ለስላሳ ጥሬ ማግኘቱ ጫጩት የማሳደጊያ ጊዜ መድረሱን ይነግረዋል። እኛ ደግሞ ጉንቁል መሥራት ማንንም የማንጠይቅበት ሙያችን ነው። የወፍ ጥሬውን ማታ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ውሃው ጥርት እስኪል አጥቤ በወንፊት ላይ አሰጣዋለሁ፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እያጠብሁ፣ ነጭ ጫፉ ብቅ ሲል እሰጣቸዋለሁ። የኮመጠጠ ወይም የሻገተ ሽታ ካለው፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ሁሉም ይጣላል። ጤፍም በጣም ይወዳሉ፤ መጠኑ ለትንሽ ምንቃር የተሠራ ይመስላል። ከቅጠል ጎመን ደቅቆ ተከትፎ ይሰጣል። አቮካዶ ግን ለወፍ መርዝ ነው፤ ልጆች ከእጃቸው እንዳያቀምሷቸው ንገሯቸው።

ከምግቡ ቀጥሎ አየሩ ነው፤ በዚህ ላይ ለእኛ ቤት የሚነገር ነገር አለ። የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ አየር ውስጥ ያለውን ነገር ፈጥኖ ይወስዳል። በመጀመሪያው ዙር የወፎቹ ቤት የቆመው ሳሎን ውስጥ፣ እሑድ እሑድ ቡና ከሚፈላበት ረከቦት ሁለት ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር፤ ቡናው ሲቆላና ዕጣኑ ሲጨስ ወንዱ ጅራቱን እያወዛወዘ በአፉ ሲተነፍስ አይቼ፣ ሙቀት ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። የጅራት ከትንፋሽ ጋር መወዛወዝ የመታፈን ምልክት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። አሁን የሽቦ ቤቱ በልጄ ክፍል ነው፤ ቡና በሚቆላበት ቀን በሩ ተዘግቶ፣ ከሥሩ ፎጣ ተደርጎበት፣ መስኮት ይከፈታል። ቴፍሎን የተለበጠ መጥበሻም ባዶውን እሳት ላይ ከተረሳ የሚወጣው፣ ለሰው የማይታወቅ ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል፤ እንዲህ ዓይነት መጥበሻ ከቤቴ አውጥቻለሁ።

ጎጆውን ማየት ራሱ ክልክል አይደለም። የሰው እጅ ሽታ ስላለበት እናት ትጥለዋለች የሚባለው ለእነዚህ ወፎች አይሠራም፤ እጅ በንጹህ ውሃና በሳሙና ይታጠብ እንጂ። የሚጎዳው ድግግሞሹና ድንገተኛነቱ ነው። እኔ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወላጆቹ ራሳቸው ወጥተው ሲበሉ አያለሁ፤ ከግማሽ ደቂቃ አላልፍም። የማየውም አንድ ነገር ነው፤ ከአንገቱ ሥር በስተቀኝ ያለችውን፣ የተዋጠ ምግብ የሚጠራቀምባትን ከረጢት። ቆዳው ስስ ስለሆነ ውስጧ ያለው ሁሉ ይታያል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእንቁላሉ ነጭና ቢጫ፣ በኋላ የተላጡት ጥሬዎች አንድ በአንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ። በተፈለፈሉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ባዶ ብትሆን አትደንግጡ፤ ሆዳቸው ውስጥ የቀረው አስኳል ያቆያቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን፣ በተለይ አመሻሽ ላይ፣ የሁሉም ሞልታ መታየት አለባት። አንዱ ብቻ ባዶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ የተፈለፈለው ትንሹ ነው፤ ታላላቆቹ አንገታቸውን ዘርግተው ይቀድሙታል። የሁሉም ባዶ ከሆነ ግን ወላጆቹ ታመዋል፣ ፈርተዋል፣ ወይም የሚያጎርሱት አጥተዋል።

በሁለተኛው ዙር በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአራቱ አንዱ ወለሉ ላይ ተጥሎ አገኘሁት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ቀለሙም ከሐምራዊነት ወደ አመድነት ሄዷል። ሁለቱን መዳፎቼን ጨብጬ በውስጣቸው ያዝሁትና በቀዳዳው ትንፋሼን ቀስ ብዬ እየሰጠሁ ተቀመጥሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም፤ ልጄም “ተይው በቃ” ማለት ጀመረች። ከዚያ መዳፌ ላይ እንደ ልብ ምት ያለ፣ ከዚያም አነስ ያለ ነገር ተሰማኝ፤ ስከፍተው አፉን አንድ ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ቆዳው ቀልቶ፣ እግሩን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር ሌላ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ምንም አላጎረስሁትም። እናትየዋ ለመብላት ስትወርድ በወንድሞቹ መካከል መልሼ አስገባሁት። ከሰዓት በኋላ ሳየው ያቺ ከረጢት ሞልታ ነበር።

ጫጩት የሚጣልበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የወላጆቹ ልምድ ማነስ፣ የገንቢ ምግብ እጥረት፣ መረበሽ፣ የጫጩቱ መታመም፣ ወይም ወላጅ ከጎጆ ሲበር በእግሩ ጎትቶ ማውጣቱ። አንድ ጊዜ ተጥሎ የተመለሰ ብዙውን ጊዜ ይቀመጣል። ደጋግሞ የሚጣል ከሆነ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የተሻለው በአቅራቢያችሁ ፊንች የሚያረባ ሰው ካለ፣ ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች ባሉበት ጎጆ ውስጥ ማስገባት ነው። አርቢዎች ለዚህ ሥራ የቤንጋል ፊንች የሚባለውን ዝርያ ያኖራሉ፤ የሌላውን ጫጩት እንደ ራሱ ያሳድጋል። ይህም የሚያስከፍለው ዋጋ አለው፤ ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ክላውስ ኢመልማን እንዳሳየው፣ በቤንጋል ፊንች ያደገ ወንድ ዜብራ ፊንች ሲጎለምስ የሚሽኮረመመው የቤንጋል ፊንች ሴት ነው። ለማዳን ሲባል የሚከፈል ነውና እኔ አደርገዋለሁ።

በእጅ መመገብ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ አንዱን፣ በሦስተኛው ዙር፣ ሞክሬው በዘጠነኛው ቀን ሞቶብኛል፤ ስለዚህ ቀላል ነው አልልም። ግዴታ ከሆነባችሁ ለወፍ ጫጩት የተዘጋጀውን ዱቄት ብቻ ተጠቀሙ፤ የከብት ወተትም ሆነ ወተት ያለበት የሕፃናት ምግብ አይሆንም። ሙቀቱ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ በቴርሞሜትር ይለካ፤ በማይክሮዌቭ አይሞቅ፤ አንዱ ጎን ሳይታወቅ ይፈላና ጉሮሮውን ይልጠዋል። ላባ ላላወጣ ጫጩት ማቆያው ሣጥን ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይሁን። አፉን በራሱ ሲከፍት ብቻ ጥቂት ጠብታ ይሰጠው፤ እስኪውጥ ይጠበቅ፤ የተኛን ወይም አፉን የዘጋን ጫጩት አታስገድዱ። ገና የተወለደ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ሳምንት የሞላው በየሰዓቱ ይፈልጋል፤ ከንጋት እስከ ማታ። ሥራ የሚሄድ ሰው ብቻውን ሊወጣው አይችልምና አስቀድሞ ሐኪም ወይም አርቢ ቢያማክር ይሻላል።

ሁሉም በደህና ከሄደ ቀናቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጆሮ ቢጠጉ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ይጀምራል፤ በሳምንቱ ገደማ ዓይናቸው መከፈት ይጀምራል፤ ከቆዳቸው ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ይታይና ላባው በሽፋኑ እንደ ጃርት እሾህ ይወጣል። ለመለያ የእግር ቀለበት የምታስሩ ከሆነ ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ነው። ከአሥረኛው ቀን በኋላ እናትየዋ ሌሊት መታቀፏን ትቀንሳለች፤ በዚህ ጊዜ የክፍሉ ሙቀት እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። ከ12ኛው ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ ጎጆውን መክፈት አቁሙ፤ ላባ ያወጣ ጫጩት ከደነገጠ ያለ ጊዜው ይዘላል።

ጎጆውን የሚለቁት ከ18ኛው እስከ 21ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ አንዱ ይወጣና ሌሎቹ በቀኑ ወይም በማግስቱ ይከተላሉ። ከዚያ በፊት አንዱን ቆጥ ከወለሉ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጌ አስራለሁ፤ ወለሉ ላይ ወረቀት አነጥፋለሁ፤ የመታጠቢያውን ውሃ አውጥቼ፣ ሊሰጥሙበት በማይችሉ ዝቅተኛ ዕቃ እተካዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ምሽቶች ወደ ጎጆ መመለሻውን የማያውቅ ካለ፣ ብርሃኑ ከመጥፋቱ በፊት በእጄ አስገባዋለሁ። ወጡ ማለት ራሳቸውን ቻሉ ማለት አይደለም፤ ወላጆቻቸው፣ በተለይ አባትየው፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ያጎርሷቸዋል፤ ስለዚህ የእንቁላሉም ሆነ የጉንቁሉ ምግብ በዚያው መጠን ይቀጥላል። ራሳቸው ጥሬ ልጠው ሲበሉ ሳላይ፣ 35 ቀንም ሳይሞላቸው፣ ከወላጆቻቸው አልለይም፤ ወንዶቹ ዜማቸውን የሚማሩት ከአባታቸው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጨምሬ አብረው አቆያቸዋለሁ፤ የምለየው ወላጆቹ ላባቸውን መንጨት ከጀመሩ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጫጩት ወጥቶ ለማደር መመለስ ሲያቆም ጎጆውን አወጣለሁ። እናትየዋ ባዶውን ጎጆ ካየች በሳምንት ውስጥ እንደገና ትጥላለች፤ እኔ በዓመት ከሁለት ዙር በላይ አላስጥላትም። ሣሩን ጥዬ፣ ሣጥኑን በፈላ ውሃ አጥቤና ፀሐይ ላይ አድርቄ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።